ከባሕር በኩል ያለው በረንዳ

ራውማ፣ ኖቬምበር 12 ቀን 1985

እታለም ታይሚ፣

ከበጋ ወዲህ አንዲት መስመር ሳልጽፍልሽ መክረሜን አውቃለሁ፤ ወቀሳሽን በሩቁ ተቀብያለሁ። እኛ ደህና ነን። ኦስሞ ወደቡ ላይ ክሬኑን ይነዳል፣ እኔ ጨርቅ መደብሩ ውስጥ እውላለሁ፣ ባሕሩም እንደ ልማዱ ዝናቡን በጎን እያመጣ ግድግዳችን ላይ ይደፋዋል።

ባለፈው እሑድ በስልክ ስናወራ ድንገት የሰማሽው ድምፅ ምን እንደነበር ጠይቀሻል። «ድስት ወደቀ» ብዬሽ ነበር። ድስት አልነበረም። ከባሕሩ በኩል ያለው የበረንዳችን ጠርዝ ነው። እንደ ደረቅ ዳቦ ቅርፊት ተፈንቅሎ ታች መሬት ላይ ወደቀ። ሰው አልነካም። የተረፈውን በጣቴ ብነካው አሸዋ ሆኖ ረገፈ፤ ከውስጡ የዛገ ፌሮ ወጥቷል። ሕንፃው እኮ ገና ልጅ ነው። ስንገባበት ቀለሙ ይሸት እንደነበር አንቺም ታስታውሻለሽ።

የዋሸሁሽ ኦስሞ አጠገቤ ቆሞ ስለነበር ነው። እውነቱን ብነግርሽ ስልኩን ከእጄ ይወስደው ነበር። ማታ እራት ላይ ሹካውን አስቀመጠና «ይኼን የምታውቀው ታይሚ ናት» አለ። አርማታ እያቀዘቀዝሽ መስበር እንጀራሽ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ግን አባባሉ ደስ አላለኝም። ወታደር ሳለ እዚያ እናንተ አገር ዳንስ አዳራሽ ውስጥ መጀመሪያ ያስነሣው አንቺን ነው፣ እኔን አይደለም። ሃያ ዓመት አለፈ። ስምሽን ሲጠራ ግን ዛሬም ጆሮዬ ይቆማል።

«እኔ እጽፍላታለሁ» አለ።

«እህቴ ናት፤ እኔ እጽፋለሁ» አልኩት። ይኸው ጻፍኩ።

እስቲ አንድ ነገር አስረጂኝ። እዚያ እናንተ ዘንድ ብርዱ አፍንጫ ይቆርጣል፤ የእማማ ቤት የአርማታ ደረጃ ግን ጫፉ እንኳ አልተሸረፈም። እዚህ ክረምቱ ለስላሳ ነው፤ የኛው ይረግፋል። ምን በድለን ነው?

እህትሽ ራይሊ

*

ኢሳልሚ፣ ኖቬምበር 20 ቀን 1985

ራይሊዬ፣

ደብዳቤሽ ሲደርሰኝ ደስ አለኝ፤ ሳነበው ደግሞ አሳሰበኝ። እዚህ ሐይቁ ረግቷል፣ በረዶውም ከገባ ሰነበተ። እኔ ደህና ነኝ። ብቻዬን ምን እንደማደርግ በስልክ ለጠየቅሽኝ፣ ቀን የአርማታው ፋብሪካ ነኝ፣ ማታ ሬዲዮ አለ። ብቸኝነት አንቺ እንደምትፈሪልኝ አልገደለኝም።

ምንም አልበደላችሁም። አርማታን የሚገድለው ብርዱ ብቻውን አይደለም። ድንጋይ ይመስላል እንጂ ውሃ ይመጥጣል። ውሃ ጠግቦ ሳለ ውርጭ ከያዘው፣ ውስጡ ያለው ውሃ በረዶ ሆኖ ያብጣል፤ መሄጃ ሲያጣ ያደረበትን ቤት ያፈርሳል። ደረቅ ሆኖ ውርጭ ቢያገኘው ግን ምንም አይለው። እዚህ በረዶው ደርቆ ይወርዳል፣ እስከ ጸደይም በረዶ እንደሆነ ይቆያል። የእማማን ደረጃ እንደ ዱቄት በመጥረጊያ እጠርገዋለሁ። እናንተ ዘንድ ቀን ይዘንባል፣ ሲመሽ ይረጋል፣ በማግስቱ ይሟሟል፣ ደግሞ ይዘንባል። ለስላሳ ያልሽው ክረምት እሱ ነው የሚበላችሁ። እማማስ «ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል» ትል አልነበር?

ሳላየው ግን አልፈርድም። ከባሕሩ በኩል አንድ፣ ከግቢው በኩል አንድ ጉማጅ አስቆርጣችሁ፣ እንዳይደርቅ በፕላስቲክ ጠቅልላችሁ በአውቶቡስ ጭነት ላኩልኝ። ኦስሞ ይዞት መምጣት አያስፈልገውም። መንገዱ ሩቅ ነው።

ታይሚ

*

ራውማ፣ ጃንዋሪ 14 ቀን 1986

እታለም፣

አዎ፣ ኦስሞ በሰላም ገብቷል። እኔ ባልነግርሽም እሱ ይነግርሽ ነበር መቼም።

በአውቶቡስ ጭነት ይላክ ያልሽውን አንብቤለታለሁ። «መንገድ ላይ ይሰበራል» አለኝ። አርማታው። ዕድሜውን ሙሉ ኮንቴይነር ሲያነሣና ሲጥል የኖረ ሰው፣ ሁለት ጉማጅ አርማታ በብርድ ልብስ ጠቅልሎ እንደ አራስ ልጅ አቅፎ አገር አቋረጠ። ዓርብ ሄዶ ቅዳሜ ሊመለስ የነበረው ሰው ሰኞ መጣ።

ከመጣ ጀምሮ ወሬው የማቀዝቀዣ ክፍልሽ ነው። ከቤተ ክርስቲያን የተመለሰ ይመስላል። «ብታይ፣ ራይሊ» ይለኛል፣ «አንዱን ውሃ ውስጥ ትነክረዋለች፣ አንዱን ደረቁን ትተወዋለች። ከዚያ ታቀዘቅዛለች፣ ታሞቃለች፣ ታቀዘቅዛለች፣ ታሞቃለች።»

«ታሞቃለች?» አልኩት።

አልገባውም። «አዎ፣ ቀስ እያለች» አለኝ።

የጋገርኩትን የሄል ዳቦ እየበላ «የታይሚ የእናታችሁን ጣዕም ይዟል» አለ። ሰማያዊ ሹራብ ለብሰሽ እንደነበርም ነገረኝ። ስለ ሹራብ ማን ጠየቀው? ይኼ ሰው እኮ እኔ ፀጉሬን ተቆርጬ ስመጣ «እራት ምንድን ነው?» ያለ ሰው ነው።

ስለ አርማታው የደረስሽበትን ጻፊልኝ። ስለ ቅዳሜውም ጻፊልኝ። እሱ «አየሩ አስቸገረ» ብሎ ያልፈዋል። እኔ የምጠይቅሽ ለማወቅ ያህል ነው።

ራይሊ

*

ኢሳልሚ፣ ፌብሩዋሪ 20 ቀን 1986

ራይሊዬ፣

ስለዘገየሁ ይቅር በይኝ። ሙከራው እስኪያልቅ እየጠበቅኩ ስለነበር ነው።

የቅዳሜው ነገር እንዲህ ነው። ነፋሱ መንገዱን በበረዶ ደፍኖት አውቶቡሱ አልወጣም፤ እሑድም አልወጣም። የተኛው ላይኛው ክፍል፣ አባባ አልጋ ላይ ነው። ሹራቡም ሹራብ ነው፤ ይሞቃል።

ወደ አርማታው ልመለስ። ሁለቱም ጉማጆች በአንድ ጊዜ፣ በአንድ ዓይነት አሠራር የወጡ ናቸው። ዛሬ አርማታ ስንሠራ ሆን ብለን ጥቃቅን የአየር አረፋ እናስገባበታለን፤ ውሃው ሲያብጥ ወደዚያ እንዲሸሽ። ያኔ ይኼ አልተለመደም ነበር፤ የእናንተው መሸሻ የለውም። ከግቢው በኩል የመጣው ዝናብ ብዙም ስላላገኘው እስከ ዛሬ ጠንክሮ ቆይቷል። ደረቁን ባቀዘቅዘው ምንም አልሆነም። ውሃ አጥግቤ ሳቀዘቅዘው ግን እሱም ተሰነጠቀ። ከባሕሩ በኩል የመጣውማ ገና እጄ ሲገባ ውስጡ ስንጥቅ ብቻ ነበር። ጥቂት ጊዜ አቀዝቅዤ ባሟሟው በማንኪያ የሚዛቅ ሆነ።

ስለዚህ የግቢው በረንዳዎች ውሃ እንዳያድርባቸው ከተደረገ ይኖራሉ። የባሕሩ ግን መፍረስ አለባቸው። ይኼንኑ ጽፌ ለኦስሞ ልኬለታለሁ፤ የነዋሪዎች ማኅበር ሰብሳቢ እሱ ስለሆነ ነው እንጂ ለሌላ አይደለም።

ማንም መጥቶ «በወፍራም ቀለም እንለብጠው» ቢላችሁ እንዳትሰሙት። ቀለሙ የፊቱን ዝናብ ይከለክላል። ከላይ በስንጥቅ የገባው ውሃ ግን መውጫ ያጣል፣ እዚያው ሆኖም ውርጩን ይጠብቃል።

ታይሚ

*

ራውማ፣ ማርች 18 ቀን 1986

ታይሚ፣

አዎ፣ ስብሰባው ላይ ብያለሁ። ኦስሞ የነገረሽ ልክ ነው። ከወደቡ ቢሮ እንደሚደውልልሽ ግን ያወቅኩት ካንቺ ደብዳቤ ነው፤ ለሱ ላመሰግንሽ ይገባል።

ነገሩን ከእኔም አፍ ስሚው። ስብሰባው ምድር ቤት፣ ልብስ ማጠቢያው ክፍል ነበር። ሰው ሁሉ የየራሱን ወንበር ተሸክሞ ወረደ። ኦስሞ ወረቀትሽን አነበበ። አንዴ አንብቦ አልበቃውም፣ ደገመው። ከዚያ «ባለሙያዋ የባለቤቴ እህት ናት፤ በአገሩ ከሷ የተሻለ የሚያውቅ የለም» አለ፣ ፊቱ እየበራ። ያን ፊት አውቀዋለሁ፣ ታይሚ። መጨረሻ ያየሁት ሠርጋችን ላይ ነው።

ሽማግሌው ላይነ ተነሡ፤ እኒያ ጡረታ የወጡት የመርከብ መካኒክ። «ይቺ ሴትዮ አገር አቋርጣ በረንዳችንን የምታስፈርሰው ምን አድርገናት ነው?» አሉ። «በረንዳ የሌለውን ቤት ማን ይገዛኛል? ይቀባ። ዛሬ እንደ ላስቲክ የሚለጠጥ ጥሩ ቀለም አለ።»

«ታይሚ ቀለም አትቀቡ ብላለች» አለ ኦስሞ።

«ታይሚ አለች፣ ታይሚ አለች» አሉ ላይነ። «ስሟ አፍህ ላይ ጣፈጠህ መሰለኝ።»

ሰው ሳቀ። እኔን እያየ ነው የሳቀው። ያኔ ተነሣሁ። «እህቴን አውቃታለሁ» አልኩ። «እሷ የምታየው አርማታውን አይደለም።»

ሳቁ ቀጥ አለ። ከዚያ እጅ ወጣ፣ ቀለሙ አሸነፈ። ኦስሞ ወረቀትሽን አጣጥፎ ኪሱ ከተተ። ከዚያ ወዲህ የሚያናግረኝ «ጨው አቀብዪኝ» ለማለት ነው።

አሁን አንድ ነገር ልጠይቅሽ። አዎ ወይም አይደለም በይኝ፣ አርማታ አትቀላቅይበት። ያን ጊዜ በመምጣቱ ደስ ብሎሽ ነበር?

ራይሊ

*

ኢሳልሚ፣ ኤፕሪል 2 ቀን 1986

ራይሊ፣

አዎ።

እንደሚመጣ የነገረኝ ቀን ሄጄ ሰማያዊውን ሹራብ ገዛሁ። የእማማን የጠረጴዛ ልብስ ከሳጥን አወጣሁ። ዳቦ ጋገርኩ፤ የመጀመሪያው አረረብኝና ደግሜ ጋገርኩ። አውቶቡሱ እንደማይወጣ በሬዲዮ ስሰማ ደስታዬን እንዳያይብኝ ወጥ ቤት ገብቼ ዕቃ አንኳኳሁ። ሁለት ምሽት ምድጃ ዳር ተቀምጬ ስለ ሥራዬ ነገርኩት፣ እሱም ሰማኝ። ስለ ሥራዬ የሚጠይቀኝ ሰው ኖሮ አያውቅም፤ አንቺም ጭምር። የራሱ ወሬ ግን አንቺ ነሽ። ራይሊ እንዲህ አለች፣ ራይሊ እንዲህ አደረገች። ጥርሴን ነክሼ ሰማሁት። ሲሄድ ጨበጠኝ፣ በጓንት። ያ ነው ሁሉም።

የጠጣበትን ስኒ ቶሎ አላጠብኩትም። ይኼን የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ፤ አሁን አንቺም አወቅሽ።

እንግዲህ ቅናት ምን እንደሆነ እኔን አታስተምሪኝ። ከሠርግሽ ቀን ጀምሮ አውቀዋለሁ፤ አጠገብሽ ቆሜ አበባሽን ይዤልሽ ነበር። የባሕሩን ፎቶግራፍ በላክሽልኝ ቁጥር አየዋለሁ፣ ከዚያ መሳቢያ ውስጥ እዘጋበታለሁ።

አሁን ደግሞ ሌላውን ስሚኝ። አርማታችሁ በስብሷል። ባልሽን ብወደውም በስብሷል፣ ብጠላውም በስብሷል። እነዚህን ሁለት ነገሮች አታገናኚያቸው፤ አይተዋወቁም። በእኔ ተናደሽ በረንዳው ላይ አትቁሚ።

ከእናንተ በታች የሚኖረው ማን ነው? ይኼን ንገሪኝ።

ታይሚ

*

ራውማ፣ ጁን 30 ቀን 1986

ታይሚ፣

ደብዳቤሽን አንዴ አንብቤ ቀደድኩት። እውነቱን ስለነገርኳት ታመሰግነኛለች ብለሽ ከነበር አትጠብቂ። ስኒውን አሁን አጠብሽው?

ቀለሙ አልቋል። ቢጫ ነው፣ እንደ ቅቤ ያበራል። ወደ ወደቡ የሚገቡት መርከቦች ሳይቀሩ ያዩናል። ስንጥቅ የለ፣ አሸዋ የለ። ላይነ በየቀኑ ከባሕሩ በኩል ቆመው፣ ባርኔጣቸውን ወደ ኋላ ገፍተው ሽቅብ ያዩታል። ትናንት «እህትሽን ጥሪያትና ታቀዝቅዘው» ብለውኝ አለፉ።

ከታች ማን አለ ብለሻል። ሳቱ የምትባል ልጅ እግር ናት። ባሏ መርከበኛ ነው፣ ብዙ ጊዜ የለም። በኤፕሪል ወንድ ልጅ ወለደች፤ ኤሮ ይባላል። ቀን ቀን ጋሪው ውስጥ አስተኝታ በረንዳው ላይ ታወጣዋለች፣ ልክ ከእኛ ወለል ሥር። ዝናብ ሲመጣ እንኳ የጋሪውን ክዳን ዘቅ አድርጋ ትተወዋለች፤ እንደ ጡረተኛ ያንኮራፋል። እንግዲህ አንቺ ባትፈቅጂም ሰው እየኖረበት ነው።

ኦስሞ ደህና ነው። ሰላምታ አድርሺልኝ ብሏል። አላደርስም።

ራይሊ

*

ኢሳልሚ፣ ኖቬምበር 24 ቀን 1986

ራይሊ፣

በጋውን ሙሉ ለጻፍኩልሽ አልመለስሽም፤ ስልኩንም ድምፄን ስትሰሚ ትዘጊዋለሽ። ይኼን ከሌላ ሰው ከምትሰሚው ከእኔ ስሚው ብዬ ነው።

ከባሕሩ በኩል ከመጣው ጉማጅ የተረፈኝ ነበር። እናንተ የተጠቀማችሁትን ዓይነት ቀለም ፈልጌ አግኝቼ ቀባሁት፤ ከአናቱ የፀጉር ያህል ስንጥቅ ተውኩለት። ውሃ አፈሰስኩበት፣ አቀዘቀዝኩት፣ አሟሟሁት። ከላይ ሲያዩት ደህና ነው፣ ያምራል። ቀለሙን በቢላ ስሰነጥቀው ውስጡ እርጥብ አሸዋ ነው። ያቆመው ቀለሙ ብቻ ነበር።

ዛሬ ጠዋት ይኼን ሁሉ ጽፌ ለከተማችሁ የሕንፃ ሹም ላክሁ። ኦስሞን አላማከርኩትም፤ ስለ ስብሰባው ከነገረኝ ወዲህ በስልክም አላናገርኩትም፣ ሲደውልም ዘጋሁበት። ራስሽ ታስተካክይዋለሽ ብዬ እስከ ዛሬ ጠበቅኩ። አሁን ግን የመኸር ዝናባችሁ ገብቷል፣ ውርጩም ይከተለዋል። ባሌን ስላልሰጠኋት ነው ትያለሽ። በይ። ሰውም ይላል። የሕፃኑ ጋሪ የት እንደሚቆም አንቺ እንደ ቀልድ ጻፍሽልኝ፤ እኔ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ምግብ ደህና አይወርድልኝም።

እህት አይደለሽም ብትይኝም ችዬ እኖራለሁ። ብቻ ለዚያች ልጅ ጋሪውን ወደ ቤት አስገቢ በያት። ከእኔ የመጣ መሆኑን አትንገሪያት፣ ካስጠላሽ።

ታይሚ

*

ራውማ፣ ዲሴምበር 15 ቀን 1986

ለወይዘሪት ታይሚ፣

ምን ሆኑ እያልሽ በአክስታችን በኩል ታስጠይቂያለሽ። ይኸው፣ ከምንጩ ስሚው።

መጡ። ሹሙ ራሱ ሁለት ሰው አስከትሎ መጣ። የባሕሩን በረንዳዎች ሁሉ በመዶሻ እየመታ ጆሮውን ሰጠ። ሲወጣ ፊቱ ከግድግዳው የባሰ ገርጥቶ ነበር። በማግስቱ የበረንዳ በሮቻችን ሁሉ በጣውላ ተቸነከሩ፤ ሕንፃው ሥር በገመድ ታጥሮ ሰው እንዳያልፍ ተከለከለ። የገና ዛፋችን እዚያው ውጭ እንዳለ ተዘጋበት። ሳቱ በሯ ላይ ቆማ አለቀሰች፤ ልጁ ቤት ውስጥ ጋሪ ቢያደርጉት እንቅልፍ እንቢ ይላል። ላይነ ሲያገኙኝ ሰላምታ መስጠት ትተዋል። ደረጃው ላይ ምን እንደሚባል ታውቂያለሽ? «ባሏን ብትከለክላት በረንዳችንን ወሰደችብን።»

ይኼን ለኦስሞ ነገርኩት፣ እንዲቆጣልኝ።

«ጥሩ አደረገች» አለ።

«ምን አልክ?»

«ጥሩ አደረገች። እኔ ነበርኩ ማድረግ የነበረብኝ። አንቺን ፈርቼ ተውኩት።»

«እንግዲያው ወደሷ ሂድ» አልኩት።

አልጮኸም። ቦርሳውን አወጣ፣ ሁለት ሸሚዝ ከተተ፣ ወጣ። አንቺ ጋ ከሆነ የክረምት ጫማው በሩ አጠገብ መቅረቱን ንገሪው። አንቺ ግን ከእንግዲህ አትጻፊልኝ።

ራይሊ

*

ኢሳልሚ፣ ጃንዋሪ 3 ቀን 1987

ራይሊ፣

አትጻፊ ብለሻል። ይቺን ብቻ።

እዚህ የለም። አልመጣም፣ አልደወለም። ደብዳቤሽን አንብቤ ስጨርስ ተነሥቼ በመስኮት አየሁ። ቆይቼም ደግሜ አየሁ። ይኼንንም የምነግርሽ በኋላ ደበቀችኝ እንዳትይ ነው። መንገዱ ላይ ከበረዶ በቀር ምንም አልነበረም።

ባልሽን እዚያው አጠገብሽ ፈልጊው። ያለ ጫማ የወጣ ሰው ሩቅ አይሄድም።

ታይሚ

*

ራውማ፣ ሜይ 24 ቀን 1987

እታለም፣

ይኼን ደብዳቤ ስንት ጊዜ እንደጀመርኩት አልነግርሽም። አክስታችን እየደወለች የምትጠይቀኝን ሁሉ የምትልካት አንቺ እንደሆንሽ አውቃለሁ። ለእሷ «ሁሉ ደህና ነው» እያልኩ አልፌያታለሁ። ላንቺ ግን ከመጀመሪያው ልንገርሽ።

ኦስሞ የነበረው ወደቡ ላይ ነው፤ መርከበኞች የሚያድሩበት ቤት። ያ በጃንዋሪ የገባው ብርድ፣ ባሕሩ እንኳ ሲጤስ የዋለ ጊዜ፣ ጫማውን በከረጢት ይዤ ሄድኩ። ዓሣ እየጠበሰ አገኘሁት። ጫማውን ወለሉ ላይ አስቀመጥኩና እንደቆምኩ ጠየቅኩት።

«እሷ ጋ መቀመጡን ወደድከው?»

«ወደድኩት» አለ። መጥበሻውን እያየ ነው። «ሰው ሲያዳምጠኝ ደስ ይለኛል። አንቺ ስለ ሥራ ሳወራ ተነሥተሽ ዕቃ ታጥቢያለሽ።»

«እሷንስ?»

ቶሎ አልመለሰም። ለሱ ነው የማመሰግነው፤ ቶሎ ቢመልስ አላምነውም ነበር። «ታይሚ ጥሩ ሰው ናት» አለ። «እኔ ግን የምናፍቀው ያንቺን ጭቅጭቅ ነው። እዚህ የሚጨቀጭቀኝ የለም።»

«ዓሣው አረረብህ» አልኩት። ጫማውን አድርጎ አብረን መጣን። ከዚያ በኋላም ቢሆን ሁሉ ነገር ቀና እንዳይመስልሽ። ለብዙ ሳምንት ስምሽን ሳናነሣ ኖርን፤ ሁለታችንም ጥርስ እንደሚያመው ሰው በዚያ በኩል አናኝክም ነበር።

በማርች መጨረሻ ውርጩ ለቀቀ። ጠዋት ዘነበ፣ ቀትር ላይ ፀሐይ ወጣች። ቤት ነበርኩ፣ ድንች እየላጥኩ። ድምፁን ሰማሁት። ያን ጊዜ በስልክ የሰማሽው ዓይነት አይደለም፤ ወለሉ እግሬ ሥር ተንቀጠቀጠ። በመስኮት ሳይ የበረንዳችን የፊተኛው ግማሽ ከነአጥሩ የለም። ሳቱ በረንዳ ላይ ነው የወደቀው። ጋሪው ይቆምበት የነበረ ቦታ ላይ። ልጁ የሚተኛበት ሰዓት ነበር።

ደረጃውን እንዴት እንደወረድኩ አላውቅም። ሳቱ በሩን ከፈተችልኝ። ኤሮን አቅፋዋለች፤ ከእንቅልፉ ስለተቀሰቀሰ ተቆጥቷል። ጋሪው መኝታ ቤት፣ የተከፈተ መስኮት ሥር ነበር። ኮሪደሩ ላይ ቁጭ አልኩ።

«በሩን ያዘጋችው እህትሽ ናት፣ አይደል?» አለችኝ።

«አዎ» አልኳት።

«ስሟ ማን ነው?»

«ታይሚ።» ከስንት ጊዜ በኋላ ስምሽን ሳይመረኝ ጠራሁት።

በዚህ ወር አፈረሱት። ሠራተኛው ቢጫውን ቀለም ሲቀደው፣ ሰማዩ ጠርቶ ሳለ፣ ከውስጡ ውሃ ወረደ። ኦስሞ ቆሞ አየ፣ «ይኸው» አለ ለራሱ። ላይነም አዩ። ባርኔጣቸውን አወለቁና ገቡ።

በጸደይ ስብሰባው ላይ ልብስ ማጠቢያው ክፍል ደግሞ ተሰበሰብን። ሰው ፊት ያልኩትን ሰው ፊት መመለስ ነበረብኝ። ተነሣሁ። «አምና እህቴ የምታየው አርማታውን አይደለም ብዬ ነበር። አርማታውን ነበር የምታየው» አልኩ።

«እናውቃለን» አሉ ላይነ። «ተቀመጪ፣ ልጄ።»

ላንቺም ይቅርታ እላለሁ። በጽሑፍ ማለት ይቀላል፤ ስትመጪ ደግሞ በአፌ እሞክራለሁ። ከቅናቱ ድኛለሁ ብዬ ግን አልዋሽሽም። ባለፈው ሳምንት ኦስሞ «አዲሱ በረንዳ አረፋ ያለው አርማታ እንዲሆን ታይሚን እንጠይቃት» ሲል ቢላዋው ከእጄ ወደቀ። አንስቼ «ጠይቃት» አልኩት። ያን አንድ ቃል ለማውጣት ምን ያህል እንደፈጀብኝ የምታውቂው አንቺ ብቻ ነሽ፤ ለዚህ ነው ላንቺ የምጽፈው።

ለበጋው በዓል ነይ። ባቡሩ የሚያመጣሽ ኮኬማኪ ጣቢያ ድረስ ነው፤ ከዚያ ኦስሞ በመኪና ይቀበልሻል፣ ብቻውን። እኔም አብሬው መምጣት እችል ነበር፤ አለቃዬ ፈቃድ ሰጥታኝ ነበር። ብዙ አሰብኩበትና ፈቃዱን መለስኩላት። መንገዱ አንድ ሰዓት ይሆናል። የፈለጋችሁትን አውሩ። እኔ መደብሩ ውስጥ ሰዓት እያየሁ ጨርቅ እለካለሁ።

እህትሽ ራይሊ